ደስታ የሚባል ሞት፣ ስም የሌለው ቁስል

አማርኛችን የሚያስፈራውን ነገር በስሙ መጥራት አይወድም፤ በማባበያ ስም ይሸነግለዋል። የቀንድ ከብትን ከደጅ ጠርጎ የሚሄደውን ወረርሽኝ አባቶቻችን «ደስታ» ብለው የጠሩት፣ እንደ እኔ ግምት፣ በዚሁ ልማድ ሳይሆን አይቀርም። ደስታ የገባበት በረት ከብቱ ያተኩሰዋል፤ ዓይኑና አፍንጫው ያዥበታል፤ አፉ ይቆስላል፤ ከዚያም ያስቀምጠዋል፤ ብዙ ቀን ሳይቆይ ይወድቃል። ያልታመመው ጎረቤቱም ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

ዛሬ ይህ በሽታ በምድር ላይ የለም። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከገጸ ምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ታሪኩ ደግሞ ሩቅ አገር የተሠራ አይደለም፤ በእኛው ደጅ ያልፋል። የገባው በምጽዋ ነው፤ መከላከያው ከተመረተባቸው ቦታዎች አንዱ ቢሾፍቱ ነው፤ በአገራችን የመጨረሻ ምሽጉም የአፋር ቆላ ነበር።

ታዲያ ያን ያህል ሰፊ ሞት ማስቆም የቻለ እጅ፣ በአቦምሳም በአዳማም ገበያ ዘወትር የምናየውን የአህያ ጀርባ ቁስል ማዳን ለምን ተሳነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱን ለማግኘት ግን እስቲ ወደ ኋላ መለስ እንበል። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የውጭው ሲሆን እ.ኤ.አ. ብዬ እጠቅሳለሁ።

በምጽዋ የገባው እንግዳ

ጣሊያኖች ምጽዋን የያዙት በ1877 ዓ.ም ነው። ለሠራዊታቸው ብለው ከሕንድ ያስመጧቸው ከብቶች በ1880 ዓ.ም ገደማ በሽታውን ይዘው እንደ ወረዱ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። በሽታውን ከዚያ በፊት የማያውቅ መንጋ የሚከላከልበት አቅም የለውም። ደስታ ከባሕር ጠረፍ ወደ ትግራይ፣ ከትግራይ ወደ ሸዋ፣ ከሸዋ ወደ ደቡብ እንደ ሰደድ እሳት ወረደ። በተለምዶ በሚጠቀሰው ግምት ከዐሥር የቀንድ ከብት ዘጠኙ አለቀ። በዚያም አልቆመ፤ የምሥራቅ አፍሪካን አርብቶ አደር አራቁቶ በ1896 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ገባ።

በሬ ሲሞት ማረሻ ይሰቀላል። ማረሻ ሲሰቀል ጎተራ ይራቆታል። በዚህ ላይ ድርቅና አንበጣ ተጨመረና ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም ያለው ዘመን «ክፉ ቀን» የሚል ስም ይዞ ቀረ። ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው የተጻፈው በዚህ ዘመን ነው። ንጉሡ ይህን ያደረጉት ያለ በሬ መሬት መንካት ውርደት መስሎ የታየውን ሰው ለማደፋፈር ነበር። አንድ ንጉሠ ነገሥት ዶማ እስኪያነሣ ድረስ የሚያደርስ የበሬ ሞት ምን ዓይነት ሞት እንደሆነ አንባቢ ያስብ።

የአርሲ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። አርሲ በ1878 ዓ.ም ማብቂያ አዙሌ ላይ፣ በራስ ዳርጌ በሚመራው የሸዋ ጦር ድል ከሆነ ገና ጥቂት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። የጦርነቱ ቁስል ሳይደርቅ ደስታ ደረሰበት። የአርሲ ኦሮሞ በዚያ ዘመን ኑሮው በአብዛኛው ከብት ነው። ወተቱ ምግቡ ነው፤ ጥሎሹ በከብት ነው፤ ነፍስ ጠፍቶ ጉማ ሲከፈል የሚነዳው ከብት ነው። እንዲህ ላለ ሰው የከብቱ ማለቅ ሀብት ማጣት ብቻ አልነበረም። የሚዳርበት፣ የሚታረቅበት፣ እንግዳ የሚቀበልበት መንገድ ሁሉ አብሮ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ከእርሻው ጋር እየተላመደ ሄደ።

ከዚህ ዘመን አንድ ነገር ይዘን እንለፍ። በኛ አገር እንስሳውና ባለቤቱ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ናቸው፤ አንደኛው ሲወድቅ ሌላው ቆሞ አይቀርም። ይህን የሚረሳ የእንስሳ ወዳጅም ሆነ የሰው ወዳጅ፣ ሁለቱንም አይጠቅምም።

ቀዝቃዛው ሳጥን ያልደረሰበት ቆላ

በሽታው ለዓለም እንግዳ አልነበረም። አውሮፓን ደጋግሞ አራቁቷል። በዓለም የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በ1761 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው ይኸው የከብት እልቂት ነበር። በ1920 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሕንድ ወደ ብራዚል የሚጓዙ ከብቶች በቤልጂጉ አንትወርፕ ወደብ ሲያልፉ በሽታውን አራገፉ። ድንጋጤው ትልቅ ስለነበር ከአራት ዓመት በኋላ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ጤና ድርጅት ፓሪስ ላይ ተመሠረተ። ልብ እንበል፤ አንትወርፕ ላይ የሆነው ቀድሞ ምጽዋ ላይ የሆነው ነው። ሁለቱም ከሕንድ በመርከብ የመጣ ከብት ነው። ልዩነቱ አንደኛው ወደብ ከበስተኋላው የእንስሳት ሐኪምና ሕግ የነበረው መሆኑ ብቻ ነው።

መላው የተገኘው በጎረቤታችን በኬንያ ነው። ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ሙጉጋ በሚገኘው የምርምር ጣቢያ፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ገደማ ርካሽና አስተማማኝ ክትባት ሠራ። አንዴ የተከተበ ከብት ዕድሜውን ሙሉ አይያዝም። ለዚህ ሥራው በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብሏል። በእኛም አገር በ1950ዎቹ አጋማሽ ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ክትባት የሚያመርት ተቋም ቆመ፤ ዛሬ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የምንለው ነው።

ከዚያ ዘመቻ መጣ። ከ1962 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ አገሮች በየተራ በተካሄደው ትልቅ የጋራ ዘመቻ ከብቱ በሚሊዮን እየተቆጠረ ተወጋ። በሽታው ከብዙ አገር ጠፋ፤ ጠፋ ተብሎም ዘመቻው ቆመ። ዳሩ ግን ፈጽሞ አልጠፋም ነበር፤ ፈንጠር ብሎ ተደብቆ ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መግቢያ ከተደበቀበት ወጥቶ አፍሪካን እንደ ገና አዳረሰ።

የት ነበር የተደበቀው? መኪና በማይገባበት፣ በረዶ በማይደርስበት፣ መንግሥት እንግዳ በሆነበት ቆላ። በእኛ አገር ይህ ማለት በተለይ አፋር ነበር። አዋሽ ከአቦምሳ በታች ያለውን ቆላ አልፎ ወደ አፋር ይወርዳል፤ በሽታውም ከአፋር ተነሥቶ ከብት በሚነዳበት መንገድ ሁሉ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ክትባቱ ቀዝቃዛ ሳጥን ይፈልጋል። ሳጥኑን የያዘው የክትባት ቡድን መኪና ይፈልጋል። አርብቶ አደሩ ደግሞ ሣርና ውኃ ተከትሎ ይሄዳል እንጂ የክትባት ቡድን አይጠብቅም። ቢጠብቅም መርፌ ይዞ የመጣን የማያውቀውን ሰው ለምን ያምናል?

ሁለት ነገሮች ታሪኩን ለወጡት። አንደኛው፣ ጄፍሪ ማሪነር የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም የፕላውራይትን ክትባት አሻሽሎ ያለ ማቀዝቀዣ ለአንድ ወር ያህል የሚቆይ አደረገው። ሁለተኛው ከዚህ ይልቃል፤ መርፌው ለአፋሩ ለራሱ ተሰጠ። በ1994 እ.ኤ.አ. ኅብረተሰቡ ከመካከሉ የመረጣቸው 20 ያህል ሰዎች አጭር ሥልጠና ወስደው በአንድ ወቅት ከ70 ሺህ በላይ ከብት ከተቡ። ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩባቸው። ከብቱን ግን በስሙና በዘር ሐረጉ ያውቁታል፤ መንጋው ነገ የት እንደሚያድር ያውቃሉ፤ ባለቤቱም እነሱን ያውቃል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የደስታ በሽታ የታየው በቀጣዩ ዓመት በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. አገራችን ከበሽታው ነጻ መሆኗ በዓለም ታወቀ። ሰኔ 21 ቀን 2003 ዓ.ም የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ደስታ ከምድር መጥፋቱን አወጀ።

እንግዲህ መቶ ሃያ ዓመት ያህል የፈጀው ትግል መጨረሻው ላይ የተቋጨው ከብቱ አጠገብ የሚያድረው ሰው መርፌውን ሲይዝ ነው። ላቦራቶሪው ባይኖር መርፌው ባዶ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ላቦራቶሪው ብቻውን ሠላሳ ዓመት ሞክሮ አልጨረሰውም።

ጭላሎና አርባ ጉጉ

ወደ አርሲ እንመለስ። ለገጠር እንስሳት ደኅንነት ታስቦ ከተሠሩት ሥራዎች በአገራችን ስሙ ገኖ የሚነሣው ጭላሎ ላይ የተጀመረው ነው። በ1960 ዓ.ም የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን አሰላ ላይ አቋቋሙ። በፈረንጅኛው ምሕጻር «ካዱ» ተብሎ የሚታወቀው ነው። ካዱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ብቻ አላመጣም። የአርሲን ላም ከፍሪዥያን ኮርማ አዳቅሏል፤ ጎቤ ላይ የማርቢያ ጣቢያ ነበረው፤ ወተት ሰብስቧል፤ የእንስሳት ሕክምና ጣቢያ ከፍቷል፤ በእንስሳ የሚጎተት የእርሻ መሣሪያና ጋሪ ሠርቶ ሞክሯል።

ሥራው ያማረ ነበር፤ ፍሬውን ግን ሁሉም እኩል አልቀመሰውም። ስንዴ አዋጪ መሆኑን ያየው ባለ ርስት ትራክተር ገዛ። ትራክተር የገዛ ባለ ርስት ጢሰኛ አያስፈልገውም። ጢሰኛው ከነበሬዎቹ ከመሬቱ ተነሣ። ለአነስተኛው ገበሬ ታስቦ የመጣው ልማት አንዳንድ ቦታ አነስተኛውን ገበሬ አፈናቀለ። ለበሬው የተከፈተ ክሊኒክ አለ፤ በሬው የሚሰማራበት መሬት ግን የለም። እንስሳውን ብቻ ማየት፣ ባለቤቱን መርሳት እንዲህ ያደርጋል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም የወጣው የመሬት አዋጅ ጢሰኝነትን ሻረ። በ1968 ዓ.ም ድርጅቱ ከጭላሎ አልፎ መላውን አርሲ እንዲያገለግል ሲሰፋ ሥራው ለጢቾና ለአርባ ጉጉ አውራጃዎችም ደረሰ። የአርባ ጉጉ አውራጃ ዋና ከተማ አቦምሳ ናት።

ከአቦምሳ በታች ወደ አዋሽ በሚወርደው ሜዳ ግን ሌላ ታሪክ ይካሄድ ነበር። ከወንጂ ጀምሮ በኑራ ኤራና በመርቲ አልፎ እስከ መተሐራ ድረስ በወንዙ ዳር የሸንኮራና የፍራፍሬ እርሻዎች ተዘረጉ። ለከተሜው ስኳርና ብርቱካን ሆኑለት። ለከረዩና ለሌሎች የቆላ ከብት አርቢዎች ግን ያ የወንዝ ዳር መሬት በበጋ ከብት የሚያተርፉበት መጠጊያ ነበር። በመርፌ የተረፈ ከብት ሣርና ውኃ ካጣ ያው ይሞታል። ስለ እንስሳት ደኅንነት ስንናገር ስለ መድኃኒት ብቻ የምናወራ ከሆነ፣ ግማሹን ነገር እየዘለልን ነው ማለት ነው።

ማንም ያልዘመተላቸው

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ስለ ቀንድ ከብት ነው። ካዱም የደከመው ይበልጡን ለቀንድ ከብት ነው፤ ዘመቻዎቹም የተካሄዱት ለቀንድ ከብት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ላም ትታለባለች፣ በሬ ይታረሳል፣ ሲሞት ረሃብ ይመጣል። አህያ ስትሞት ግን አዋጅ አይነገርም።

ይሁን እንጂ የስምጥ ሸለቆን ከተሞች የሠሩት የጋማ ከብቶች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የባቡር ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ መንገዱ ላይ ያለችው አዳማ የአርሲ እህል ማራገፊያ ሆነች። ባቡሩ ግን እስከ ገበሬው ደጅ አይሄድም። እህሉን ከአርሲ ደጋ አውርዶ ባቡር ጣቢያ ያደረሰው የአህያና የበቅሎ ጀርባ ነው። ከተማው ሲያድግም ሰውን ከአውቶቡስ ተራ ወደ ሰፈሩ ያደረሰው የጋሪ ፈረስ ነው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በቢሾፍቱ ያደገ ሰው የጋሪ ቃጭል ድምፅ በጆሮው አለ። ዛሬ ባጃጁ የጋሪውን ሥራ ብዙውን ወስዶበታል፤ የአህያዋን ግን አልወሰደም።

ፈረስ በዚህ አገር ክብር ነበረው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። የአርሲም ጎበዝ ያለ ፈረስ አይታሰብም። ያው ፈረስ ጉልበቱ ሲደክም ከደጋ ወርዶ በርካሽ ይሸጥና ጋሪ ይገባል። ጋሪም ሲያቅተው አስፋልት መሐል ይለቀቃል። ሌሊት በመኪና መብራት ፊት ቆሞ የቀረ፣ የማይንቀሳቀስ የከሳ ፈረስ ያላየ የስምጥ ሸለቆ ተጓዥ ይኖር ይሆን?

ቁስሉ ራሱ ምንድን ነው? ውስብስብ ነገር የለውም። ጭነቱ በሁለቱ ጎን በጡንቻው ላይ መዋል ሲገባው አከርካሪው ላይ ይቀመጣል። ቀድሞ ጠፍር የነበረው መጫኛ ናይለን ገመድ ሆኗል፤ ናይለን ላብና አቧራ ሲነካው እንደ ምላጭ ይሆናል። የጋሪው እንጨት ደረትን ይልጣል። ቁስሉ ሳይደርቅ በማግስቱ ያው ጭነት ይመለሳል። አህያ ደግሞ እንደ ውሻ አትጮህም፤ ሕመሟን ትውጣለች። ዝም ማለቷን እኛ አለመታመም አድርገን ቆጥረነዋል።

ነገሩ ቁስል ብቻ ሆኖ አይቀርም። በፈረስ ቆዳ ሥር በመስመር ተደርድሮ የሚያብጥና የሚፈርጥ፣ በሻጋታ ዘር የሚመጣ በሽታ አለ። የሚገባው በተላጠ ቆዳ ነው፤ ዝንብና በጋራ የሚጠቀሙበት የጋሪ ዕቃ ያዛምቱታል። ከ1995 እስከ 1996 ዓ.ም በአገራችን 28 ከተሞች በ19,082 የጋሪ ፈረሶች ላይ በተደረገ ጥናት 18.8 በመቶ የሚሆኑት በዚህ በሽታ ተይዘው ተገኝተዋል። ከሁሉ የከፋችው የእኛዋ ሞጆ ነበረች፤ 39 በመቶ። ከመቶ ፈረስ ሠላሳ ዘጠኙ ማለት ነው። በዚያው ጥናት በአርሲ ደጋ ላይ ያለችው በቆጂ አንድም አልተገኘባትም፤ በሽታው ብርድ አይወድም። እንግዲህ ከአርሲ ደጋ ወርዶ ወደ ስምጥ ሸለቆ ጋሪ የሚገባው ፈረስ፣ በሽታው ከሌለበት አገር በሽታው ወደሚጠብቀው አገር ይሄዳል፤ የሚገባበትንም በር ጋሪው ይከፍትለታል። ደስታን ያሸነፈው ዓይነት መርፌ ደግሞ ለዚህ አልተገኘም።

ባለ አህያው ምን አሉኝ?

አቦምሳ ገበያ ላይ አንድ አዛውንት አነጋግሬ ነበር። አህያቸው ሽንኩርት ተጭና መጥታ ቆማለች፤ ጀርባዋ ላይ የድሮ ጠባሳ አለ፤ ከጠባሳው ጎን አዲስ ልጥ ወጥቷል።

«አባቴ፣ ቆስላለች እኮ፤ ምናለ ጥቂት ቀን ቢያሳርፏት?» አልኋቸው።

ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ እሷ ካረፈች ልጆቼም ያርፋሉ፤ ከምግብ።»

ቀጥዬ የምለው ጠፋኝ። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። ጭነቱን አንሥተው ከሥሩ ያለውን አሳዩኝ። ጆንያ ውስጥ ጭድ ሞልተው፣ መሐሉን ሰፍተው ለሁለት ከፍለውታል፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ይውላል፤ አከርካሪው ባዶ ይቀራል። ይህን የሠሩት በቅርቡ ነው፤ ከሌላ ባለ አህያ ነው ያዩት። «የድሮው ጠባሳ ያለዚህ የመጣ ነው፤ አዲሱ ደግሞ ከገመዱ ነው፤ ገመዱን ነው ገና ያልቀየርሁት» አሉኝ። ጠፍር ከናይለን ይወደዳል፤ ችግሩ ይኸው ነው። እኚህ ሰው ጭካኔ የለባቸውም። ዕውቀቱ ሲደርሳቸው በጆንያና በጭድ ተጠቅመውበታል። ያልቻሉት ገንዘብ የሚጠይቀውን ነው።

ሐኪሞቹም ይህን የተረዱ ይመስለኛል። መሠረቱ እንግሊዝ አገር የሆነው ዶንኪ ሳንክቸሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ኢትዮጵያ ሲገባ ሥራ የጀመረው የአህያ የሆድ ትላትል መድኃኒት በመስጠት ነበር። ማዕከሉ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ሆነ፤ በኋላ ቁስል ማከም፣ ባለቤቶችን ማስተማር፣ የጭነት ዕቃ ማሻሻል ተጨመረበት። ከአዳማ ብዙም በማይርቀው በአዋሽ መልካሳ የሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከልም በእንስሳ ጉልበት በሚሠሩ መሣሪያዎች ላይ ለዓመታት ደክሟል። ሥራው አለ ማለት ነው። የሚጎድለው ስፋቱ ነው። አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ በ2013 ዓ.ም የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጥናት ቁጥራቸው ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገምቷል። ለዚህ ሁሉ ጀርባ ጥቂት ክሊኒክ ምን ያህል ይደርሳል?

ሃይማኖታችንም አልረሳቸውም። ኦሪት በሰባተኛው ቀን እንዲያርፉ ከሰው ጋር የጠራቸው በሬንና አህያን ነው። በእስልምናም ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደ ተሰረየለት ይነገራል። በተግባር ግን ሰንበትን ያገኘው በሬው ነው። በበዓል ቀን በሬ አይጠመድም፤ ገበያው በበዓል ከዋለ ግን አህያዋ ትጫናለች። ሰንበት እንኳ ለአህያ እኩል አልደረሳትም።

አህያውን ፈርቶ…

በ2009 ዓ.ም ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፈተ። ሥጋውና ቆዳው ወደ ውጭ፣ በተለይ ወደ ቻይና የሚላክ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ ተቃወመ፤ ቄራው ብዙም ሳይቆይ በሚያዝያ ወር ተዘጋ። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳዋ ብሎ ማረድ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ወሰኑ። ባህል ነው፣ ነውር ነው ብለን ስንቃወም ትክክል ነበርን። ግን ከቢላዋው ያዳንናት አህያ ወደ የት ተመለሰች? ወደዚያው ናይለን ገመድ። በአንድ ቀን ለሚፈጸም መታረድ ከተማ ሙሉ ተነሣ፤ በየቀኑ ለሚፈጸመው መላጥ ግን ማንም አልተነሣም።

እኛ ከተሜዎች ይህን ስናይ የሚቀናን ባለ ጋሪውንና ባለ አህያውን መስደብ ነው። «አረመኔ» እንለዋለን። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ባለ ጋሪው ዳውላው ነው፤ እሱን መምታት ቀላል ነው፤ አይመልስም። አህያው ግን ሌላ ነው። ሺህ አህያ የሚውልበት ገበያ የውኃ ገንዳና ጥላ የሌለው መሆኑ ነው። ብዙ ወረዳ ለላም መርፌ ይዞ ለፈረስ የሌለው መሆኑ ነው። ሽንኩርቱን፣ ውኃውን፣ ከሰሉን በዚያ ጀርባ አስጭነን በር ድረስ ስናስመጣ ዋጋ ተከራክረን ሃያ ብር የምናስቀንሰው እኛም ከአህያው ወገን ነን። ያቺ ሃያ ብር የጠፍሩ መግዣ ትሆን ነበር።

የደስታ ታሪክ ተስፋ የሚሰጠኝ በዚህ ነው። ያን በሽታ ስድብ አላጠፋውም፤ አዋጅም ብቻውን አላጠፋውም። ያጠፋው፣ በእንስሳውና በባለቤቱ ኑሮ መሐል ገብቶ ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሥራ ነው። ቀዝቃዛ ሳጥን የማይፈልግ ክትባት ተሠራ፤ ከኅብረተሰቡ የተመረጠ ሰው ያዘው፤ ባለ ከብቱም አመነው። የአህያ ጀርባ ቁስል ደግሞ ከዚያ በጣም ይቀላል። ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፤ ጆንያ፣ ጭድ፣ ጠፍር፣ ንጹሕ ውኃ፣ በየገበያው አንድ የሠለጠነ የአካባቢው ሰው ይበቃዋል። ያን ሰው የሚያሠለጥን ወረዳ፣ ገንዳውን የሚሠራ ማዘጋጃ ቤት፣ ጠፍሩን በተመጣጣኝ ዋጋ የሚያቀርብ የገበሬ ማኅበር ከተገኘ፣ ቀሪውን ባለ አህያው ራሱ ይሠራዋል። አቦምሳ ላይ ያየሁት ትራስ ምስክሬ ነው፤ እሱን ማንም አዝዞ አላሠራውም።